13 ገደ ቢስ ቁጥር ነው የሚለው እምነት ከየት መጣ?

ፎቅ ቆጣሪ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ረጅም የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲሆን የሊፍቱ ቁልፎች ከ12 ተነሥተው በቀጥታ ወደ 14 ይዘላሉ። 14ኛ የሚባለው ፎቅ ከታች ጀምሮ ለሚቆጥር ሰው 13ኛው እንደ ሆነ ነዋሪው ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ቁጥሩ በበሩ ላይ እስካልተለጠፈ ድረስ ማንም ቅር አይለውም። ልጆቼ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ያገኘሁት መልስ አንድ ሳይሆን አራት ሆነብኝ፤ አራቱም በየድረ ገጹ እንደ እርግጠኛ ታሪክ ይነገራሉ።

አንደኛው በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ጌታችን ከ12ቱ ደቀ መዛሙርቱ ጋር 13 ሆነው መቀመጣቸውንና ከመካከላቸው ይሁዳ አሳልፎ የሚሰጥ ሆኖ መገኘቱን ያነሣል። ሁለተኛው ከ3,700 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ 13ኛውን አንቀጽ ሆን ብሎ ዘሎታል ይላል። ሦስተኛው በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ 12 አማልክት በተቀመጡበት ግብዣ ላይ ተንኮለኛው ሎኪ 13ኛ ሆኖ ስለ ገባ ነው የሚል ነው። አራተኛው ደግሞ የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ ቴምፕላር የተባሉትን መነኮሳት ተዋጊዎች ዓርብ ኦክቶበር 13 ቀን 1307 ማሳሰሩን ይጠቅሳል።

እኔን ያሳሰበኝ ከአራቱ የትኛው በእርግጥ የእምነቱ ምንጭ እንደ ሆነ፣ የትኛውስ እምነቱ ከተስፋፋ በኋላ የተለጠፈበት እንደ ሆነ መለየት ነው። በጉዳዩ ላይ ያነበባችሁ ሁሉ ከነማስረጃችሁ እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግራ እንዳንጋባም ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብናደርገው መልካም ይመስለኛል።

ብራና አገላባጭ

ወንድሜ ፎቅ ቆጣሪ፣ ጥያቄውን በዚህ መልክ ማቅረብዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም ከአራቱ ሦስቱ ማስረጃ ሲጠየቁ አይቆሙም።

ከሐሙራቢ ልጀምር። ሕጉ የተቀረጸበት ጥቁር የድንጋይ ሐውልት በ1901 መጨረሻ በዛሬዋ ኢራን፣ ሱሳ በተባለው ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ በፈረንሳይ ቆፋሪዎች የተገኘ ሲሆን ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ይገኛል። በድንጋዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያለ አንቀጽ ቁጥር የሚወርድ ነው። ዛሬ የምናውቃቸውን 282 ቁጥሮች የሰጠው በ1902 ጽሑፉን ተርጉሞ ያሳተመው ቬንሳን ሼይ የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው። ቁጥር ያልተጻፈበት ሕግ ቁጥር ሊዘል አይችልም። ወሬው የተነሣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከታተመ አንድ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲሆን፣ በዚያ ትርጉም ላይ 13 ቁጥር ተዘሎ ስለ ነበር ኋላ በኢንተርኔት የተሠራጨው ቅጂ ስሕተቱን የባቢሎን ሰዎች እምነት አስመስሎ አቀረበው። 13ኛ ተብሎ የተቆጠረው ክፍል ግን በድንጋዩ ላይ በደኅና ይነበባል፤ የሚለውም ምስክሮቹ በቅርብ ያልተገኙለት ተከራካሪ እስኪያቀርባቸው ድረስ ዳኞች የ6 ወር ቀጠሮ ይስጡት ነው።

የሎኪም ነገር ከዚህ የተሻለ አይደለም። ስለ እነዚያ አማልክት ያለን ዋናው የጽሑፍ ምንጭ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአይስላንድ የተጻፈ ሲሆን ሎኪ በግብዣ ላይ ሁከት ማንሣቱንና ባልደር የተባለውን አምላክ ሞት ማቀነባበሩን ይተርካል፤ እንግዶቹን ቆጥሮ ሎኪ 13ኛው ነበር የሚል ቃል ግን የለበትም። ቁጥሩን የጨመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጡ ተራኪዎች ናቸው።

የቴምፕላሮቹ መታሰር ግን እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ቀኑም በእርግጥ ዓርብ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን የነበረ አንድም ጸሐፊ ቀኑን ከቁጥሩ ጋር አያይዞ አላማረረም። ሁለቱን ማገናኘት የመጣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ይኸውም ዓርብ 13 አስቀድሞ የሚፈራ ቀን ከሆነ በኋላ ማለት ነው።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው አንድ ባሕርይ አለ። ሰው የፈራውን ነገር ዕድሜ ሊሰጠው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ እየተመለሰ በጥንት ዘመን 13 ቁጥርን የሚመስል ነገር ባገኘበት ሁሉ ምንጩ ይህ ነው ይላል።

ወለተ ማርያም

ወንድም ብራና አገላባጭ ሦስቱን ሲያነሡ የቀረውን የጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ዝም ማለታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ እኔ ግን ዝም ልለው አልችልም። ምንጩ የመጨረሻው ማዕድ ከሆነ ከአውሮፓውያን ይልቅ እኛ ልንፈራው ይገባን ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሰሙነ ሕማማት የሚታሰብበትን ጥልቀት ሁላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን በአገራችን 13 ሰው ከአንድ ገበታ ቢቀመጥ ቆጥሮ የሚደነግጥ አላየሁም። እንዲያውም ይኸው ቁጥር ከጌታችን መከራ ጋር በቀጥታ ተያይዞ በክብር ይጠራል፤ ከመታሰሩና ከመገረፉ ጀምሮ እስከ አምስቱ ቅንዋት ያሉት መከራዎች 13ቱ ሕማማተ መስቀል ተብለው የሚጠሩት ለዚህ ነው። ወር በገባ በ13ኛው ቀንም የእግዚአብሔር አብ መታሰቢያ ይውላል። ዓመታችን ራሱ 13 ወር ነው፤ በ1960ዎቹ የቱሪዝም ድርጅቱን ይመሩ የነበሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የመረጡት መፈክርም የ13 ወር ፀሐይ የሚል ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ያው ወንጌል፣ ያው ማዕድ፣ ያው ቁጥር ሆኖ ሳለ አንዱ ሕዝብ ሲፈራው ሌላው የማይፈራው ለምንድን ነው?

ብራና አገላባጭ

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ ይህ ጥያቄ የነገሩን ሥር የሚነካ ነው። መልሱን ለማግኘት እምነቱ በጽሑፍ መታየት የጀመረበትን ቅርጽ ማየት ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ ውስጥ የ13 ፍርሃት በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው ከ1690ዎቹ ወዲህ ነው። በዚያን ጊዜ የሚፈራው ቁጥሩ በጠቅላላ አልነበረም፤ የቤት ቁጥር፣ የፎቅ ቁጥር፣ የወሩ ቀን የሚፈራ አልነበረም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 13 ሰዎች በአንድ ገበታ ወይም በአንድ ክፍል ከተሰበሰቡ ከመካከላቸው አንዱ ዓመቱ ሳይሞላ ይሞታል የሚል ነበር። ጆሴፍ አዲሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በማርች 1711 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ትዕይንት አስቀምጦልናል። ሰዎች ተሰብስበው ሲጫወቱ አንዲት አሮጊት ድንገት 13 መሆናችንን አስተዋላችሁ ወይ ይላሉ፤ ወይዛዝርቱ ይደነግጣሉ፤ ጥቂቶቹም ለመውጣት ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ የጸሐፊው ወዳጅ ከሴቶቹ አንዲቱ እርጉዝ መሆኗን አይቶ፣ እንግዲያውስ 14 ነን፤ የሚሞት ሳይሆን የሚወለድ አለ ብሎ ያረጋጋቸዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በታሪኩ ውስጥ የይሁዳ ስም አልተነሣም፤ ፍርሃቱ ስለ ቀኑም ሆነ ስለ ቤት ቁጥር አይደለም፤ ስለ ሰዎች ስብስብ ነው።

ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓሪስ ለግብዣ 14ኛ ሆኖ የሚቀመጥ ተከራይ እንግዳ መጥራት የተለመደ ነበር። በለንደን ሳቮይ ሆቴል ደግሞ እስከ ዛሬ ካስፓር የተባለ ከእንጨት የተጠረበ የድመት ሐውልት አለ። የመነሻው ታሪክ በ1898 የተደረገ ግብዣ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ሀብት የከበረው ውልፍ ጆኤል 14 ሰው ጋብዞ አንዱ በመቅረቱ 13 ሆነው በሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ጆኤል በጆሃንስበርግ ተተኩሶበት ሞተ። ሆቴሉ ለ13 ሰዎች ግብዣ መጀመሪያ ከሠራተኞቹ አንዱን 14ኛ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር፤ በ1927 ድመቱ ከተሠራ ወዲህ ግን ወንበር ተስቦለት፣ የአንገት መሐረብ ታስሮለት፣ ሳህንና ሹካ ቀርቦለት እንደ እንግዳ ይስተናገዳል።

እንግዲህ ማዕዱ ምንጭ መሆኑን ሙሉ በሙሉ አልክድም። በምዕራብ አውሮፓ የመጨረሻው ማዕድ በየገዳሙ ግድግዳ ላይ ረጅም ገበታ ሆኖ ይሣል ስለ ነበር፣ በገበታ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ራሱን ከሥዕሉ ጋር ማመሳሰሉ አይቀርም። ይሁን እንጂ ወንጌል ይሁዳ 13ኛ ሆኖ ተቀመጠ አይልም፤ የመቀመጫ ተራም አይነግረንም። ማዕዱ ለፍርሃቱ ማብራሪያ ሆኖ የመጣው ፍርሃቱ በቦታው ከቆመ በኋላ ይመስለኛል።

ስሌት ወዳድ

ዓመት ሳይሞላ አንዱ ይሞታል የሚለውን በቁጥር ብናየው እምነቱ እንዴት ሊጸና እንደ ቻለ ይገባናል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ የጥንት ከተማ ከ1,000 ጎልማሶች በዓመት 25ቱ ይሞታሉ ብለን እናስብ። 13 ሰዎች ከተሰበሰቡ ዓመቱ ሳያልቅ ቢያንስ አንዱ የመሞቱ ዕድል 28 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከተጋባዦቹ ውስጥ ሽማግሌዎችና ሕመምተኞች ካሉ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ከአራት እንዲህ ያሉ ግብዣዎች በአንዱ ሟርቱ ደርሶ ይታያል። የደረሰውን ሁሉም ሲያወራው ይኖራል፤ በሦስቱ ግብዣዎች ምንም አለመድረሱን ግን ማን ቆጥሮ ይይዛል? ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው መፍትሔው ነው። 14ኛ ሰው ሲጨመር ያ ዕድል ወደ 30 በመቶ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም።

ስለ ዓርብ 13 ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በግሪጎርያን አቆጣጠር የዘመን ዑደቱ በየ400 ዓመቱ ይደገማል፤ በእነዚህ 4,800 ወሮች ውስጥ 13ኛው ቀን ዓርብ የሚውለው 688 ጊዜ ነው። ይህም ከሌሎቹ የሳምንቱ ቀኖች ሁሉ በጥቂት ይበልጣል፤ ለምሳሌ ሐሙስና ቅዳሜ እያንዳንዳቸው 684 ጊዜ ነው የሚደርሳቸው። ወሩ እሑድ ከጀመረ 13ኛው ምን ጊዜም ዓርብ ነው፤ በማንኛውም ዓመት ቢያንስ አንድ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይደርሳል።

ፎቅ ቆጣሪ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወንድም ብራና አገላባጭ፣ ከገበታ ወደ ቀን፣ ከቀንም ወደ ፎቅ እንዴት ተሻገረ? እኔን ያስቸገረኝ መሰላሉ ይህ ነው።

ብራና አገላባጭ

የዓርብ ክፋት ለብቻው የቆየ እምነት ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት ቀን ስለ ሆነ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይገኛል። ሁለቱ ፍርሃቶች የተጋቡት ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆአኪኖ ሮሲኒ ዓርብ ኖቬምበር 13 ቀን 1868 ሲሞት፣ በዓመቱ የታተመ የሕይወት ታሪኩ ዓርብንና 13ን ይፈራ የነበረ ሰው በዚያው ቀን መሞቱን እንደ ልዩ ነገር አንሥቶታል። በ1907 ደግሞ ቶማስ ላውሰን የተባለ የቦስተን የአክሲዮን ነጋዴ በዚሁ ቀን የአክሲዮን ገበያውን ስለሚያናጋ ደላላ ልብ ወለድ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ጋዜጦች ቀኑ በመጣ ቁጥር ይጽፉበት ጀመር።

የፎቁ ጉዳይ የንግድ ውሳኔ ነው። ረጃጅም ሕንፃዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በኒው ዮርክና በቺካጎ መሠራት ሲጀምሩ፣ 13ኛውን ፎቅ ለመከራየት የሚያቅማማ አንድ ተከራይ እንኳ ቢኖር ባለ ንብረቱ ቁጥሩን በመቀየር የሚያጣው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሕንፃውን የሠራው ሰው ራሱ ባያምንበትም እምነቱን በብረትና በሲሚንቶ ያጸናዋል፤ በዚያ ሊፍት የሚያድግ ልጅም 13 ክፉ መሆን አለበት ብሎ ይማራል። የእርስዎ ልጆች የጠየቁዎት ይህንኑ ነው።

እምነቱን ለመስበር የተነሡም ነበሩ። በኒው ዮርክ ካፒቴን ዊልያም ፋውለር የመሠረተው የ13 ክበብ የመጀመሪያ ራቱን ዓርብ ጃንዋሪ 13 ቀን 1882 አደረገ፤ አባላቱ 13 ሆነው በ13 ቁጥር ክፍል ተቀመጡ፤ በመሰላል ሥር አልፈው ገቡ፤ ጨውም ደፉ። ኋላ በርካታ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የክበቡ አባላት ሆነዋል።

የሮማው

ሰላም ለሁላችሁ፤ የምጽፈው ከሮም ነው። እዚህ አገር 13 እንደ ገደ ቢስ አይታይም፤ ቶቶካልቾ በተባለው የእግር ኳስ ሎተሪ 13 ግጥሚያ በትክክል የገመተ ከፍተኛውን ሽልማት ያገኝ ስለ ነበር፣ 13 መታ ማለት ዕድል ቀናው ማለት ሆኖ ቀርቷል። የሚፈራው 17 ነው፤ ክፉ ቀን የሚባለውም ዓርብ 17 ነው። የጣሊያኑ አየር መንገድ አሊታሊያ በአውሮፕላኖቹ ላይ 17ኛ ረድፍ አልነበረውም። ሬኖ 17 የተባለችው የፈረንሳይ መኪናም ጣሊያን ውስጥ ስትሸጥ 177 ተብላ ነበር።

እዚህ ማንንም ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ ምክንያት አንድ ነው። 17 በሮማውያን አኃዝ ሲጻፍ አራቱ ፊደላት ቦታቸው ቢለዋወጥ ኖሬአለሁ የሚል የላቲን ቃል ይወጣቸዋል፤ ኖሬአለሁ ማለትም አሁን የለሁም እንደ ማለት ነው ይላሉ። እኔ ግን ይህ ማብራሪያ ብቻውን አያረካኝም። በሮማውያን የመቃብር ድንጋዮች ላይ ዘወትር የሚገኘው ይህን ያህል ዓመት ኖረ የሚለው የሦስተኛ ሰው አነጋገር ነው፤ ያ ደግሞ ከ17 አኃዝ አይወጣም።

ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያገኘሁት ከ1ኛው እስከ 2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው የግሪክ ጸሐፊ ከፕሉታርክ ነው። እንደ እርሱ አጻጻፍ ግብፃውያን አምላካቸው ኦሲሪስ የሞተው በወሩ 17ኛ ቀን ነው ይሉ ነበር፤ ጨረቃ ሞልታ መጉደሏ በግልጽ የሚታየው በዚያ ቀን ነውና። የፓይታጎራስ ተከታዮችም 17ን ይጸየፉት ነበር፤ ምክንያታቸው የሂሳብ ነው። አራት በአራት የሆነ ካሬ ስፋቱ 16፣ ዙሪያውም 16 ነው። ሦስት በስድስት የሆነ አራት ማዕዘን ስፋቱ 18፣ ዙሪያውም 18 ነው። ጎኖቻቸው በሙሉ ቁጥር ከሚለኩ አራት ማዕዘኖች መካከል ስፋታቸውና ዙሪያቸው እኩል የሚሆነው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 17 በመካከላቸው ገብቶ ይለያያቸዋል። ስለዚህ እንቅፋት አሉት።

ስሌት ወዳድ

ወንድሜ የሮማው፣ ይህን በወረቀት ላይ አረጋገጥኩት፤ ትክክል ነው። ሁለት ጎኖች ተባዝተው ከድምራቸው እጥፍ ጋር እኩል እንዲሆኑ ካልን፣ ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሲቀነስ የሚቀሩት ቁጥሮች ብዜት 4 መሆን አለበት። 4 ደግሞ ሁለት ጊዜ ሁለት ወይም አንድ ጊዜ አራት ብቻ ነው፤ ስለዚህ 4 በ4 ወይም 3 በ6 እንጂ ሌላ መልስ የለውም።

ከጓንዡ

እኔ የምኖረው በቻይና፣ በጓንዡ ከተማ ሲሆን ከአገራችን ለሚመጡ ነጋዴዎች ዕቃ በማሰባሰብ ሥራ ላይ ነኝ። ስለ 13 በተነሣው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ የ4 ነገር ግን ለዚህ ውይይት ጠቃሚ ንጽጽር ይሰጣል።

በቻይንኛ አራት የሚለው ቃልና ሞት የሚለው ቃል የሚለዩት በድምፅ መውደቅና መነሣት ብቻ ነው። በዚህ አካባቢ በሚነገረው ካንቶንኛ ደግሞ 14 ሲጠራ በእርግጥ ይሞታል የሚል ስለሚመስል ከ4 የባሰ ይጠላል። በመጋዘኑ ሕንፃ ሊፍት ላይ ከ3 ቀጥሎ 3ኤ፣ ከዚያም 5 ይመጣል፤ 13ኛና 14ኛ ፎቅም የለም። ደንበኞቼ የዋጋ ተመን ሲልኩልኝ 4 ቁጥር የበዛበትን ዋጋ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ አድርገው በ8 እንዲጨርስ ያደርጉታል፤ 8 ከብልጽግና ጋር ድምፁ ይቀራረባልና። በ2003 በቼንግዱ ስምንት ጊዜ 8 የሆነ የስልክ ቁጥር ለአንድ አየር መንገድ በ2.33 ሚሊዮን ዩዋን ተሽጧል። የቤጂንግ ኦሊምፒክም የተከፈተው በ2008 ኦገስት 8 ቀን ከምሽቱ 8 ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር ነበር።

እምነቱ ከቋንቋው ጋር በመጓዙ በኮሪያ ሊፍቶች ላይ በ4 ፈንታ የእንግሊዝኛ ፊደል ይቀመጣል፤ በጃፓንም 4 ከሞት፣ 9 ከሥቃይ ጋር ስለሚመሳሰሉ አንዳንድ ሆስፒታሎች እነዚህን የክፍል ቁጥሮች አይጠቀሙም። በካናዳ የቫንኩቨር ከተማ አስተዳደር ግን በ2015 ፎቅ መዝለልን ከልክሏል፤ አንዱ ምክንያት እሳት አጥፊዎችና አምቡላንሶች ትክክለኛውን ፎቅ በቶሎ እንዲያገኙ ነው።

ቻይናዊ ባልደረባዬን የዚህ እምነት መነሻ ታሪክ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ጥያቄዬ ራሱ አልገባውም። ቃሉን ሲሰማው ሞት ይሰማዋል፤ ሌላ ታሪክ አያስፈልገውም። 13ን የሚፈሩት ሰዎች ግን በቁጥሩ ውስጥ ምንም የሚሰማ ነገር ስለሌለ ይሁዳን፣ ሎኪን፣ ሐሙራቢን እየጠሩ የጎደለውን ለመሙላት የተገደዱ ይመስለኛል።

ነርሷ

የ4 ነገር ሲነሣ በሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት ማንሣት ያስፈልጋል። በ2001 ዴቪድ ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ከ1973 እስከ 1998 የነበሩትን የሞት መዝገቦች መርምረው፣ በልብ ሕመም የሚሞቱ ቻይናውያንና ጃፓናውያን አሜሪካውያን ቁጥር በወሩ 4ኛ ቀን ከፍ ይላል አሉ፤ በነጮች ላይ ግን ይህ አልታየም። ፍርሃት ልብን ሊያስጨንቅ እንደሚችል በሥራዬ ስለማውቅ ስሰማው ተቀብዬው ነበር። ነገር ግን በዓመቱ ጋሪ ስሚዝ የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር ውጤቱ የወጣው ከልብ ሕመም ዓይነቶች ጥቂቶቹ ብቻ ተመርጠው በመታየታቸው መሆኑን ጠቁሟል፤ በሌላ ዘመን መረጃ ላይም ውጤቱ አልተደገመም። ጥናቱ እስከ ዛሬ በየመድረኩ እንደ ተረጋገጠ እውነት ስለሚጠቀስ ይህን ማወቅ ተገቢ ነው።

ከሐይፋ

ከእስራኤል ሰላምታ ይድረሳችሁ። በአይሁድ ዘንድ 13 የተባረከ ቁጥር ነው፤ ወንድ ልጅ ለትእዛዛት የሚበቃው በ13 ዓመቱ ነው፤ ራምባም የተባለው የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ሊቅ የሃይማኖት መሠረት ብሎ የጻፋቸውም 13 ናቸው። እዚህ ያለው ጥንቃቄ በቁጥሩ ላይ ሳይሆን በመቁጠሩ ላይ ነው። ሰው በራሱ አይቆጠርም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 እስራኤል በሚቆጠሩበት ጊዜ መቅሠፍት እንዳይደርስባቸው እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ታዘዘ፤ የተቆጠረው ገንዘቡ ነው። ዳዊት ሕዝቡን በቆጠረ ጊዜም 70,000 ሰው በቸነፈር ሞተ። ስለዚህ እስከ ዛሬ በምኵራብ ለጸሎት የሚበቁ 10 ወንዶች መኖራቸውን ለማረጋገጥ አንድ፣ ሁለት አይባልም፤ ከመዝሙረ ዳዊት በዕብራይስጥ 10 ቃላት ያሉትን ጥቅስ እያሉ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ይሰጡታል።

አያቴ በጎንደር ሳሉ ስንት ልጆች አሉዎት ሲባሉ እግዚአብሔር የሰጠኝ ያህል ብለው ያልፉ ነበር እንጂ ቁጥር አይናገሩም፤ የከብቶቹንም እንዲሁ። ይህ ልማድ በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም ዘንድ ነበረ።

ዲያቆን ዘሰሜን

666ን ማንም ስላላነሣው እኔ ላንሣው፤ በተለይም በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በመታወቂያና በክትባት ጉዳይ ስሙ እየተነሣ ሰው ሲሸበር ስለማይ ነው።

ቁጥሩ የተጻፈው በዮሐንስ ራእይ 13፥18 ሲሆን የሰው ቁጥር ነው ይላል፤ አእምሮ ያለው ይቍጠረው ብሎም ያዝዛል። በዚያን ዘመን ፊደላት የቁጥር ዋጋ ስለ ነበራቸው ስምን መደመር የታወቀ ነበር። ብዙ ሊቃውንት የሚስማሙበት አቈጣጠር ኔሮን ቄሳር የሚለውን በዕብራይስጥ ፊደላት መጻፍ ነው፤ 50፣ 200፣ 6፣ 50፣ 100፣ 60ና 200 ሲደመሩ 666 ይሆናሉ። በግብፅ ኦክሲሪንኩስ የተገኘ ጥንታዊ ፓፒረስና ሌሎች ጥቂት ቅጂዎች 616 ይላሉ፤ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ኢሬኔዎስም ይህን ልዩነት ያውቀው ነበር። ኔሮን ከሚለው ስም የመጨረሻዋ ን ስትወጣ 50 ስለሚጎድል 616 ይሆናል፤ ይህም አቈጣጠሩን ያጠናክረዋል።

ዛሬ ሰው የሚፈራው ግን ሦስት 6 ተደርድረው ሲያይ ነው። መጽሐፉ በተጻፈበት በግሪክ ፊደል ቁጥሩ የሚጻፈው በሦስት የተለያዩ ፊደላት ነው፤ በግእዝ አኃዝም ፮፻፷፮ ስለሚሆን ሦስት ተመሳሳይ ምልክት አይታይበትም። ስለዚህ በስልክ ቁጥር ወይም በታርጋ ላይ ሦስት ስድስት አይቶ መደንገጥ ለመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ትርጉም አልነበረውም። በአሜሪካ በ2003 መንገድ ቁጥር 666 ወደ 491 የተቀየረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የመንገዱ ምልክት እየተነቀለ መሰረቁም ሌላው ምክንያት ነበር።

ከአቡ ዳቢ

ክፉ ቁጥር በዓይናችን ፊት ሲወለድ ማየት ከተፈለገ የአፍጋኒስታንን 39 እዩ። አብረውኝ የሚሠሩ የካቡል ሰዎች እንዳጫወቱኝ፣ በ2011 ገደማ ታርጋቸው በ39 የጀመረ መኪኖች በካቡል የሚገዛቸው ጠፋ፤ ባለ መኪኖቹ አሽከርካሪ ሲያፌዝባቸው ቁጥሩን እስከ መሸፈን ደርሰው ነበር። ቁጥሩ ሴት ከሚያቃጥር ሰው ጋር ስለ ተያያዘ ስድብ ሆነ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው አንዱ በሄራት ታርጋው 39 የሆነ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ይላል፤ ሌላው በፊደል ቁጥር ስሌት ነው ይላል፤ ሦስተኛው የመኪና ነጋዴዎች ያወሩት ወሬ ነው ይላል። ነገሩ ከተጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ሆኖት ሳለ ሦስት መነሻ ተገኝቶለታል።

ወለተ ማርያም

የጠየቅሁት ጥያቄ በሁላችሁ ጽሑፍ እየተብራራልኝ ነው፤ እኔም የራሴን ግምት ልጨምር። በእኛ ዘንድ የወሩ ቀን ሁሉ ባለቤት አለው። ጣሊያኖች የሚሸሹት 17 የእስጢፋኖስ ነው፤ 12 የሚካኤል፣ 19 የገብርኤል፣ 21 የማርያም፣ 27 የመድኃኔዓለም ነው። ቀኑ በቁጥር ብቻ ስለማይጠራ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ክፉ ትርጉም የሚገባበት ክፍተት አያገኝም። ዓርብ 13 የሚባለውም በእኛ አቆጣጠር ሌላ ቀን ላይ ይውላል፤ ለምሳሌ ዓርብ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024 በእኛ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።

ይህ ማለት በአገራችን በቁጥር ዕድል የሚያነብ የለም ማለት አይደለም። በዐውደ ነገሥት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ተደምረው በ12 ሲገደፉ በሚቀረው ቁጥር ኮከቡ ይነገራል፤ ቤተ ክርስቲያን ብትከለክለውም ልማዱ አልጠፋም። በዚህ አቈጣጠር ግን ቁጥሩ ለየሰው የተለየ ስለ ሆነ ለአገር ሁሉ ክፉ የሚሆን አንድ ቁጥር አይወጣም።

ብራና አገላባጭ

እኅቴ፣ ግምትዎ በሌላ በኩልም የሚደገፍ ይመስለኛል፤ በጥንቱ ዓለም የሚፈራው ቀን እንጂ ቁጥር አልነበረምና። በ354 በሮም በተዘጋጀው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ የግብፅ ቀኖች የተባሉ ክፉ ቀኖች በየወሩ ተለይተው ተመልክተዋል፤ ቀኖቹም ከወር ወር ይለያያሉ፤ አንዱ ቁጥር ለሁሉም ወር ክፉ አልተደረገም። ከዚያም በፊት ከክርስቶስ ልደት 700 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ግሪካዊው ገጣሚ ሄሲዮድ ለገበሬዎች ምክር ሲሰጥ 13ኛውን ቀን በስም ያነሣዋል። ጨረቃ እየሞላች በምትሄድበት ወቅት በ13ኛው ቀን ዘር መዝራት አትጀምር ይላል፤ ችግኝ ለመትከል ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም ብሎ ያስከትላል።